አጥንቱ ያለበት ሲዲ

ሐረር ውስጥ ሄቪ ሜታል የሚሰማ ሰው ስንት እንደነበረ አላውቅም። በእኛ ሰፈር ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ከሸዋ በር ወደ ጀጎል ገብቶ በስተግራ ባለችው ጠባብ መንገድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ያለፈ ሰው ሁሉ፣ ወዶም ሆነ ተገዶ፣ የእኔን ሙዚቃ ሰምቷል። ሰፈርተኛው "የቆርቆሮ ጠብ" ይለው ነበር። እናቴ ደግሞ "ወፍጮው" ነበር የምትለው። "ወፍጮው ሊነሳ ነው" ትልና የምትለቅመውን ምስር ከነሰፌዱ ይዛ ወደ ማድ ቤት ትሸሻለች።

ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የሰው ይዞታ ካርታ ስስል እውላለሁ። መስመሬ በትንሹ ከተዛነፈ ሁለት ጎረቤት ፍርድ ቤት ይቆማል። እንደዚያ እጁን ሰብስቦ የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ የሆነ ነገር ሲሰባበር መስማት ያምረዋል። እኔ ደግሞ ዕቃ መስበር ስለማልችል ሲዲ እከፍታለሁ።

ሲዲዎቹን የሚልክልኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር። በስድስት ዓመት ስለሚበልጠኝ "ወንድም ጋሼ" ነው የምለው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ለአንድ የትራንዚት ድርጅት ይሠራል። እዚያ ያሉ የፈረንሳይ ወታደሮች ጊዜያቸውን ጨርሰው አገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸውን ሽጠው ይሄዳሉ። ወንድም ጋሼ ከዚያ ክምር ውስጥ ሲዲ እየለቀመ ድሬዳዋ ላለችው አክስታችን በሰው ይልካል፤ ከአክስቴ ደግሞ በሚኒባስ ሸዋ በር ይደርሰኛል። እሱ ራሱ ሙዚቃውን አይወደውም፤ ቢሞት ከትዝታ ወዲያ አይሰማም። የሚመርጥልኝ ሽፋኑን እያየ ነበር። የራስ ቅል፣ እሳት ወይም ሰንሰለት ካየ "ይሄማ የወንድሜ ነው" ብሎ ያነሳል። አንዳንዴ ታዲያ ሽፋኑ ያታልለዋል። አንድ ጊዜ ጥቁር ፈረስ የተሳለበት ሲዲ ላከልኝ። ስከፍተው ጩኸት የለም። ኦርጋን አለ፣ ዋሽንት አለ፣ አንዱ ዘፈን ብቻውን ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሰዎቹ ዕቃቸውን ጥለው የወጡ ይመስል ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ተናደድኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከዚያ ሲዲ መለየት አቃተኝ። ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባለውን ያወቅኩት በወንድም ጋሼ ስህተት ነው።

በየሲዲው ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አጥፎ ያስቀምጥልኛል። "ሰውዬው ሆዱን ታሟል መሰለኝ፤ ሰምተህ ንገረኝ" የሚል ዓይነት ነገር ነው። ወረቀቶቹን አንዱንም አልጣልኩም።

እናቴን የሚያስጨንቃት ከጩኸቱ ይልቅ ሽፋኑ ነበር። መደርደሪያዬን ስትወለውል እያማተበች ሲዲዎቹን ጀርባቸውን ታዞራለች፤ እኔ መልሼ አዞራለሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ የቁልቢውን ገብርኤል ምስል በፍሬም አድርጋ መደርደሪያው መሀል ላይ አቁማዋለች። "እነሱ ከወጡ እሱ ይወጣል፤ እነሱ ካሉ ግን እሱም አለ" አለች። በዚሁ ተስማማን።

ድምፁን በተመለከተ ግን ስምምነት አልነበረንም። ሙዚቃው በተጀመረ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከማድ ቤት "ቀንሰው!" የሚል ድምፅ ይመጣል። ትንሽ እቀንሳለሁ። ዞር ስትል መልሼ ከፍ አደርገዋለሁ። "ቀንሰው አልኩህ እኮ!" ትላለች። በሦስተኛው ላይ ስሜን ከነአባቴ ትጠራለች፤ ያኔ የምሬን እቀንሳለሁ። የመስጊዱ አዛን ሲጀምር ብቻ ማንም ሳይነግረኝ አጠፋዋለሁ፤ አዛኑ ሲያልቅ ከነበረበት ይቀጥላል። ከእሷ ጋር ያለው ጠብም አብሮ ይቀጥላል።

ወንድም ጋሼ እሑድ እሑድ ቤት ስልክ ይደውላል። ሁሉንም ሰላም ካለ በኋላ ተራው እኔ ጋ ሲደርስ "እስቲ ክፈተውና እማዬን አስጩህልኝ" ይለኛል። የስልኩን እጀታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሄጄ እከፍታለሁ። እማዬ ነገሩ አይገባትም፤ ማድ ቤት ሆና "ቀንሰው!" ትላለች። እጀታውን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ጅቡቲ ላይ ሲስቅ ይሰማኛል። "አሁን ቤቴ ገባሁ" ይላል። በየሳምንቱ እንደዚያ ነበር።

አባባ በእኛ ጠብ መሀል አይገቡም ነበር። ከሸዋ ተመድበው መጥተው ሐረር የቀሩ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል። ለሙዚቃዬ የሰጡት አስተያየት አንድ ብቻ ነው፤ "ይሄ ሰው የሚጮኸው ምን ተወስዶበት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። "ሳታውቅ ነው የምትሰማው?" ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

አዲሱ ሚሊኒየም ሊገባ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው አባባ በልብ ሕመም ወደቁ። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ከተኙ በኋላ ወደ ቤት መለሱልን። አልጋቸውን ሳሎን አደረግንላቸው፤ ከእኔ ክፍል የሚለያቸው አንድ ግድግዳና የበር መጋረጃ ነው። ሐኪሙ እማዬንና እኔን ወደ ጎን ጠርቶ "ድንጋጤ እንዳይነካቸው፤ አንድ ሁለት ወር ብቻ ጠብቁልኝ" አለን። እማዬ ያቺን ቃል እንደ ግዝት ያዘቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሰሃን የወደቀ እንደሆነ ሦስት ሰው ይደነግጣል።

ወንድም ጋሼ አባቱን ሊጠይቅ ፈቃድ ወስዶ ከጅቡቲ ተነሳ። ለአባባ አልነገርናቸውም፤ በር ላይ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር። የተሳፈረበት ጭነት መኪና መንገድ ላይ ተገለበጠ። አክስቴ የደወለችው መሥሪያ ቤት ነው። የምስለውን ካርታ አስታውሳለሁ፤ እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ ሳላነሳ ነበር የሰማኋት።

በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ጊዜ ይመረጥለታል፣ ሰው ይመረጥለታል፣ የታመመ ካለ ደግሞ እስኪያገግም ይደበቃል። የንስሐ አባታችንና የእድሩ ሽማግሌዎች ተማክረው፣ አባባ እስኪበረቱ እንዳይነገራቸው፣ ቀብሩም ድሬዳዋ እንዲሆን ተስማሙ። ለእማዬ ግን መንገር ግድ ነው። የነገርናት ጎረቤታችን ቤት ነው። ጎረቤታችን ሐረሪ እናት ናቸው፤ "አይ" እንላቸዋለን፣ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። የእሳቸውን ግቢና የእኛን ግቢ የምታገናኝ ትንሽ በር በግንቡ መሀል አለች። እማዬ በዚያች በር ገብታ፣ አይ ምንጣፍ የተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀምጣ ሰማች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ፊት ተደፋች። አይ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋት "ሰብር አድርጊ እህቴ፣ ቻይው፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ወላሂ እንኳን ጮኸሽ ተንፍሰሽም ይሰማል" ይሏታል። ግንቡ ሌላ ወገን ላይ አባባ ተኝተዋል።

"ነገ አብረን እንሄዳለን" አልኳት።

"እኔ ከሄድኩ ያውቃሉ" አለች። "ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ ከጎናቸው ርቄ አላውቅም። አንተ ሂድና ቅበረው።"

"እማዬ፣ ልጅሽ እኮ ነው።"

"ልጄማ ሞቷል" አለች። "የቀሩት እሳቸው ናቸው።"

ለአባባ የመስክ ሥራ አለብኝ ብዬ ሄድኩ። ወንድሜን ስንቀብር እናቱ ሐረር ላይ ለአባቱ ጨው የሌለው አጥሚት እያማሰለች ነበር።

አክስቴ ሻንጣውን ሰጠችኝ። በሸሚዝ የተጠቀለለ አንድ ሲዲ ከውስጡ አወጣሁ። ሽፋኑ ላይ የሰው አጥንት፣ ጎድን ብቻውን፣ በጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ ተስሏል። ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፤ ሲዲው ደህና ነው። ወረቀቱም አለ። "ይሄን ራሴ ነኝ ይዤው የምመጣው። አብረን ከፍተን እማዬን እናስጩሃታለን" ይላል። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት፤ ለእማዬ አላሳየኋትም።

ሐረር ከተመለስኩ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሙዚቃ አልከፈትኩም። በሁለተኛውም። ለቅሶ ያለበት ቤት ሬድዮ እንኳ ጨርቅ ይለብሳል፤ እጄ ወደዚያ አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ምሳቸውን ሳቀርብላቸው አባባ ቀና ብለው "ወፍጮው ተበላሸ እንዴ? ከመስክ ከመጣህ ድምፅህ ጠፋ" አሉኝ። "ደክሞኝ ነው" አልኩ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ክፍሌ ድረስ ተከትላኝ ገባች።

"ክፈተው" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እንዴት ብዬ እማዬ?"

"ክፈተው አልኩህ! ጠርጥረዋል፤ አባትህን ልትገድልብኝ ነው? ሁሌ የምትከፍተውን ያህል ክፈተው።"

በማግስቱ ከቢሮ ስመለስ አጥንቱ ያለበትን ሲዲ ከተትኩ። ለምን እሱን እንደመረጥኩ አላውቅም፤ ሌላው ሁሉ የበፊት ነው። ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ድራሙም ጊታሩም ሰውዬውም አንድ ላይ ተነሱ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እማዬ መደርደሪያው ጥግ፣ ገብርኤሉ ሥር ቆማ ነበር። ትንሽ ጠበቀች፤ ድምፁ ከግድግዳ እግድግዳ መሙላቱን ስታረጋግጥ ነጠላዋን ከአፏ አነሳች። ልጇ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። ስሙን ጠራችው። እኔ አጠገቧ ሆኜ አፏ ሲከፈት አያለሁ እንጂ ቃሏን በደንብ አልሰማም። ከእሷ ጋር አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ሥርዓት ይኸው ሆነ። ከሥራ እመለሳለሁ፣ እከፍታለሁ፣ እማዬ ትገባለች። በዚያ አንድ ሰዓት የቀኑን ሁሉ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ የአባባን መድኃኒት ትሰጣለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ በትንሿ በር ወደ አይ ቤት ትሻገራለች፤ ለቅሶ ደራሾቻችን እዚያ ነበር የሚቀመጡት። የክርስቲያን ለቅሶ በእስላም ቤት፣ ጋቢ ለብሰው የመጡት የእድር ሰዎች የቤቱን ባለቤት ሊጠይቁ የመጡ መስለው። አይ አንድ ቀን አልሰለቻቸውም። አዛን ሲጀምር እኔ አጠፋለሁ፤ እማዬም ያኔ ትውጠዋለች፤ አዛኑ ሲያልቅ ሁለታችንም እንቀጥላለን።

ሲዲዎቼን እንደ አዲስ ተማርኳቸው። ለስንት ዓመት የሰማኋቸውን፣ አሁን የት ላይ ዝም እንደሚሉ መያዝ ነበረብኝ። ለለቅሶ የሚሆኑት ሄቪ ሜታሎቹ ናቸው፤ አያቋርጡም። ፕሮግሬሲቮቹ አደገኛ ናቸው። ፈረሱ ያለበት በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጭር ይላል፤ አንዲት ዋሽንት ብቻ ትቀራለች። "እማዬ፣ ይሄኛው መሀሉ ላይ ያጋልጣል" እላታለሁ። እሷም ለየቻቸው። ለዓመታት ስታማትብባቸው የኖረች ሴት ገብታ "ዛሬ አጥንቱ ያለበትን አድርግልኝ" ማለት ጀመረች።

ስልኩን ነቅዬዋለሁ። አባባ ወንድም ጋሼ ለምን እንደማይደውል ሲጠይቁ መስመሩ ተበላሽቷል አልኳቸው። የስልክ መበላሸት በዚያን ጊዜ ማንንም አያስደንቅም ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንድ ቀን አጥንቱ ያለበት እየጮኸ፣ እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች፣ መብራት ጠፋ። ሙዚቃው እንደተቆረጠ ገመድ ቆመ፤ የእማዬ ሲቃ ግን ወዲያው ሊቆም አልቻለም። ቤቱን ሞላው። እጄን አፏ ላይ አደረግኩ። ሁለታችንም እንደዚያ እንዳለን የአባባ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ መጣ።

"አንቺ፣ ጉንፋኑ በረታብሽ እኮ። ትኩስ ነገር ጠጪበት እንጂ።"

"እሺ ጋሼ" አለች እማዬ፣ አፍንጫዋን እየጠራረገች። ተያየን። ተርፈናል ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም አባባ የዋህ ሆነው ታዩኝ።

ሰው ሁሉ ግን መርዶው መደበቁን አያውቅም ነበር። የወንድም ጋሼ ባልንጀራ የነበረ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጥ ሰው ለሥራ ርቆ ሰንብቶ ሲመለስ መርዶውን ከመንገድ ሰማ። ወር ያህል ካለፈ በኋላ ሊያለቅስ ወደ እኛ ሲመጣ ቤታችን በሙዚቃ እየተናወጠ ደረሰ። እኔ በር ላይ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

"አንተ አቦ፣ ሰው አይደለህም?" አለኝ። "የወንድምህ አፈር ሳይደርቅ ትጨፍራለህ? እኔ የሰው ልጅ እንባዬን ይዤ መጣሁ፣ አንተ ወንድሙ ዳንኪራ ትመታለህ? ቱ!"

እጁን ይዤ ወደ ማዶ ልወስደው ሞከርኩ፤ መንጭቆኝ ሄደ። ይህ ሁሉ የተባለው ሳሎናችን መስኮት ሥር ነው። ሙዚቃው ከፍ ያለ ነበር፤ የእሱም ድምፅ ግን ትንሽ አልነበረም። ተመልሼ ገባሁ። እማዬ አይ ቤት ናት። ሐኪሙ ያለው ሁለት ወር ገና አልሞላም።

"ና እዚህ" አሉ አባባ። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። "መጀመሪያ ዝጋው።"

ዘጋሁት።

"ምን አለህ ያ ሰው?"

"ምንም። ሰክሮ ነው።"

"ሰምቼዋለሁ" አሉ። "አትደንግጥ። እኔም አልደነገጥኩም፤ ከእሱ አይደለም የሰማሁት።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"እናትህ 'ቀንሰው' ካለችህ ስንት ጊዜ ሆናት?" አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሲዲውን አስበን፣ ሰዓቱን አስበን፣ ስልኩን አስበን፣ ወደ አይ ቤት የምታሻግረውን በር እንኳ አስበን ነበር። ጠቡን ረስተነዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማድ ቤቱ አንድም ቀን አልጮኸም።

"ከመስክ መጥተህ ሦስት ቀን ሳትከፍት ቆይተህ በአራተኛው ያን ነገር ስትከፍት፣ በሁለት ደቂቃ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ" አሉ። "አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥር ሆነ። እሷ የምታልፍህ ሴት አይደለችም። ያኔ አንድ ነገር እንደጎደለ አወቅኩ። እሑድ ሆነ፤ ስልክ የለም። ሌላ ምን ልጠይቅ?" ቀጥለውም "የት ነው የተቀበረው?" አሉ።

"ድሬዳዋ።"

"እናትህ ሄዳለች?"

"አልሄደችም። 'ከሄድኩ ያውቃሉ' ብላ ቀረች።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ሐኪሙ ያለው ትዝ ብሎኝ ተነሳሁ፤ በእጃቸው ቁጭ በል አሉኝ። አባባን ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ለቅሷቸው ድምፅ የለውም፤ ለምደውበታል።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉን?" አልኳቸው።

"እናንተ ለእኔ ብላችሁ እንደዚያ ስትሆኑ ምን ብዬ ላፍርሰው? ደግሞ እኔም ቦታ አገኘሁ። አንተ ስትከፍተው እናንተ በዚያ ታለቅሳላችሁ፣ እኔ በዚህ አለቅሳለሁ። ለካ ያ ሰውዬ ለዚህ ነው የሚጮኸው።" ዓይናቸውን በአንሶላው ጠረጉ። "አሁን ስማኝ። ለእናትህ አትነግራትም። ልጇን ሳትቀብር የቀረችው እኔ እንዳላውቅ ብላ ነው፤ አውቆ ነበር ካልካት ያ ሁሉ ከንቱ ይሆንባታል። ሽማግሌዎቹ በጊዜያቸው ይምጡና ይንገሩኝ። እኔ እንደ አዲስ እሰማለሁ። ማልልኝ።"

ማልኩላቸው። "በል ክፈተው" አሉኝ። "ስትመጣ ዝም ብሎ እንዳታገኘው።" ሄጄ ከፈትኩት።

ከአርባው በኋላ ሐኪሙ ፈቀደ። አንድ ሰንበት ሊነጋጋ ሲል የንስሐ አባታችን፣ የእድሩ ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ አይ በትንሿ በር መጥተው ከእማዬ ጎን ቆሙ። የንስሐ አባታችን "እግዚአብሔር የሰጠውን ሲወስድ…" ብለው ጀመሩ፤ አባባ አላስጨረሷቸውም። "ልጄን!" ብለው ተነሱ። እኔ ያስመስላሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ማስመሰል አልነበረም። ከአንድ ወር በላይ በትራሳቸው ሲያፍኑት የኖሩት ጩኸት ነው የወጣው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። እማዬ እግራቸው ላይ ወድቃ "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ደበቅኩዎት" ትላለች። እሳቸው ሊያነሷት እየታገሉ "ደግ አደረግሽ፣ ደግ አደረግሽ" ይሏታል። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ ሁለቱን አየሁ። ወንድሜን ከቀበርኩበት ቀን ያ ቀን ከበደኝ።

ማጫወቻው ጥቁር ጨርቅ ለበሰ። ያ የቅመም ሻጭ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጥቶ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ፤ አልተቀየምኩትም፣ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም ያንኑ እለው ነበር። የወንድም ጋሼ ሙት ዓመት ሳይደርስ አባባም አረፉ፤ ጨርቁ ሳይነሳ ሌላ ዓመት ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ ቢፈቀድም ከፍቼ መስማት አልቻልኩም። እማዬም ክፈት አላለችኝም። ሲዲዎቹ ገብርኤሉ ዙሪያ እንደቆሙ አቧራ ለበሱ።

እማዬ ዕድሜዋ ሲገፋ ነገር ትደጋግም ነበር። ከሁሉ አብልጣ የምትደጋግመው ይሄን ነው፤ "ልጄን አልቀበርኩትም፤ አንጀቴን ይበላኛል። ግን ያን አንድ ወር እንኳ አባትህ ሳያውቁ በሰላም ተኙልኝ። ይሄ ባይሆን ኖሮ አብድ ነበር።" በየጊዜው እኔን ታየኛለች፤ ማረጋገጫ ትፈልጋለች።

"አዎ እማዬ፣ ምንም አላወቁም" እላታለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኳት አላውቅም። አንዳንዴ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ መልሼዋለሁ። ባሏ ብቻዋን እንዳልተዉአት፣ በግድግዳው ማዶ አብረዋት ሲያለቅሱ እንደነበር ብታውቅ ይሻላት ነበር ይሆን? ምናልባት። መሐላዬን ፈርቼ ነው ወይስ እሷን፣ ዛሬም አልለየሁትም። ሳልነግራት ሞተች።

ዘንድሮ የእሷ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጨርቁን ከማጫወቻው ላይ አነሳሁ። አይም የሉም፤ ትንሿን በር አዲሶቹ ጎረቤቶች በብሎኬት ደፍነዋታል። ቤቱ የእኔ ብቻ ነው፤ የፈለግኩትን ያህል ባስጮኸው የሚከለክለኝ የለም። አጥንቱ ያለበትን ሲዲ በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ ከተትኩት። አንዳንድ ቦታ ይዘላል እንጂ ይሠራል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ መሀል ወለል ላይ ቆምኩ። መስኮቱ ያኔ እንደሚንቀጠቀጠው ተንቀጠቀጠ።

ፊቴን ወደ ማድ ቤቱ አድርጌ ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ።

ከዚያ ሄጄ ራሴ ቀነስኩት።